የዋቢዎች ቋንቋ

አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ሲዘጋጅ መጨረሻ ላይ የሚታሰበው፣ በመጨረሻዎቹም ገጾች ላይ የሚሰፍረው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ነው። አንባቢም ቢሆን ዋናውን ሐተታ ከጨረሰ በኋላ ቢያየው ባያየው ብዙ ግድ የሚሰጠው አይመስልም። ይሁን እንጂ ዕውቀትን በመቀባበል ረገድ ከዚህ ዝርዝር የበለጠ ታማኝነት የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ጸሐፊው ከማን ማሳ እንዳጨደ፣ ከማን ምንጭ እንደቀዳ የሚናዘዘው በዚሁ ስፍራ ነውና። የአንድምታ ሊቃውንት የግእዙን ንባብ ጠቅሰው፣ በአማርኛ አብራርተው፣ «እንዲል» እያሉ የቃሉን ባለቤት በስሙ ሲጠሩ ይህንኑ ዕዳ መክፈላቸው ነበር። በዚያ ሥርዓት ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ እያንዳንዱ ድርሻውን ያውቃል፤ ጥቅሱ በግእዝ ይቆያል፣ የጠቃሹ የራሱ ቃል ግን አማርኛ ነው። ዛሬ በየመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ የሚታየው የቋንቋ ዝንቅ ይህ የድርሻ ክፍፍል በመፋለሱ የመጣ ነው።

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ተመራማሪ ሁሉ የጫማ ካርቶን የሚሞላ የካርድ ክምችት ነበረው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ የታተመበትን ቦታና ዘመን በእጁ ይጽፋል፤ ጽሑፉን ሲጨርስ ካርዶቹን በፊደል ተራ ደርድሮ በጽሕፈት መኪና ይገለብጣቸዋል። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ቃል ኀላፊው ሰው ነበር። ዛሬ ይህን ድካም የተሸከሙት ኤንድኖት፣ ሜንዴሌይ፣ ዞቴሮ የሚባሉት የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ለተጠቃሚዎች በነጻ የቀረበ ሲሆን፣ ስሙም «ጠንቅቆ መያዝ» የሚል ትርጉም ካለው የአልባኒያ ግሥ የተወሰደ ነው። ተመራማሪው የመጽሐፉን መረጃ በየመስኩ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ጥቅሱንም ዝርዝሩንም በሚፈለገው ሥርዓት አቀናብሮ የሚጽፈው ፕሮግራሙ ነው። የዋጋው ነገር ለማይሞከርባቸው የእኛ አገር ቤተ መጻሕፍት ነጻ መሆኑ ብቻውን ትልቅ በረከት ነው።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምርና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቷን በአማርኛ የምትጽፍ አንዲት መምህርት ይህን በረከት ከተቋደሱት አንዷ ናት። ረቂቋ ከአማካሪዋ እጅ ሲመለስ በሐተታው ላይ ጥቂት ምልክት ብቻ ነበረበት፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን በቀይ እርሳስ ተዥጎርጉረዋል። በአንዱ መስመር ሁለት ደራሲዎች በ«እና» ተያይዘዋል፤ በሚቀጥለው በእንግሊዝኛው «ኤንድ»። አንድ ቦታ «እና ሌሎች» ይላል፤ ሌላ ቦታ «ኤት አል»። «ገጽ 45» ከሚለው ሥር የእንግሊዝኛው የገጽ ምልክት «ፒፒ.» ተደግሞ «ፒፒ. ገጽ 60» የሚል እንግዳ ፍጥረት ተገኝቷል። ከድረ ገጽ የተወሰዱ ሦስት ጽሑፎች ደግሞ የታዩበት ቀን በፈረንሳይኛ ተጽፎላቸዋል። በኅዳጉ ላይ አማካሪው የጻፉት ጥያቄ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ነበር፦ «ይህ ታምራት የሚባል ሰው ማን ነው? የጠቀስሽው አባቱን ነው ወይስ ልጁን?»

«ጋሼ፣ እንዲህ ያደረገው እኮ ፕሮግራሙ ነው» አለች።

«የሚመረቀውም ፕሮግራሙ ነው እንዴ?» አሏት።

መምህርቷ ተከፋች፤ ነገር ግን መልሱ እውነት ነበረው። ወደ ቤቷም ሄዳ እያንዳንዱን መስመር በእጅ ከማረም ይልቅ የጉዳዩን ሥር ለመመርመር ቆረጠች። በእጅ የታረመ ዝርዝር ፕሮግራሙ ራሱን ባደሰ ቁጥር ወደ ቀድሞው ስሕተቱ እንደሚመለስ ሁለት ጊዜ ደርሶባት አይታዋለችና።

ነገሩን ከሥሩ ሲመረምሩት በአንድ ዋቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃላት እንዳሉ ይታወቃል። አንደኛው ዓይነት የመጽሐፉ የራሱ ንብረት ነው፤ ርእሱ፣ የደራሲው ስም፣ አሳታሚው። ይህን ማንም እንዲተረጉመው አልተፈቀደም። ሁለተኛው ዓይነት አገናኝ ቃላት ናቸው፤ «እና»፣ «እና ሌሎች»፣ «አርታኢ»፣ «ተርጓሚ»፣ «ቅጽ»፣ «ገጽ»፣ «እትም»፣ የወራት ስሞችም ጭምር። እነዚህ የዝርዝሩ ባለቤት ቃላት እንጂ የመጽሐፉ አይደሉም። ተመራማሪው በየመስኩ የሚሞላው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ሲሆን ሁለተኛውን የሚጨምረው ፕሮግራሙ ነው። ዞቴሮም ሆነ ሜንዴሌይ የሚገለገሉበት የአጠቃቀስ ሥርዓት መግለጫ ቋንቋ ብሩስ ዳርከስ በተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር የተጀመረ ነው። በዚህ ቋንቋ የተጻፉት የአጠቃቀስ ሥርዓቶች ዛሬ ከ10,000 በላይ ሲሆኑ፣ አገናኝ ቃላቱ ግን ለእያንዳንዱ የሰው ልጅ ቋንቋ በተለየ ፋይል ተቀምጠዋል። ሥርዓቱ «እዚህ ላይ የማያያዣውን ቃል አስገባ» ብሎ ያዛል፤ ቃሉ «እና» ይሁን «ኤንድ» የሚወስነው የቋንቋው ፋይል ነው።

ታዲያ የትኛው ፋይል እንደሚከፈት ማን ይወስናል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአጠቃቀስ ሥርዓቱ ሲጻፍ ቋንቋው ተቆርጦ ከተሰጠ የሥርዓቱ ትእዛዝ ይጸናል፤ በሰነዱ ምርጫዎች ውስጥ ያለው የቋንቋ ዝርዝርም ደብዝዞ አልነካ ይላል። ሥርዓቱ ቋንቋውን ክፍት ከተወው ግን ምርጫው የጸሐፊው ነው። የቃላት ፋይል ያልተዘጋጀለት ቋንቋ ሲጠራ ደግሞ ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቋንቋ የራሱን ቃላት ሰብስቦ ካላቀረበ፣ ማንም ሳይከለክለውና ማንም ሳይጠላው፣ በሌላ ቋንቋ አፍ ይናገራል። ይህ ነጥብ ለባህል ሠራተኛ ሁሉ የሚያሳስብ መሆን አለበት።

በእያንዳንዱ መጽሐፍ መዝገብ ውስጥ «ቋንቋ» የሚል መስክ አለ። አብዛኛው ተጠቃሚ ችግሩ በዚህ መስክ የሚፈታ ይመስለዋል፤ መምህርቷም እንደዚያው አስባ ሁለት ምሽት ሙሉ ስትሞላው አመሸች። መስኩ ግን ሌላ ሥራ ነው ያለው። እንግሊዝኛ በርእስ ውስጥ ያሉትን ዋና ዋና ቃላት በትልቅ ፊደል የመጀመር ልማድ ስላለው፣ ይህን ልማድ የሚከተሉ ሥርዓቶች መስኩ ባዶ ከሆነ የፈረንሳይኛውንም የጀርመንኛውንም ርእስ እንደ እንግሊዝኛ ይቈጥሩታል። መስኩ ሲሞላ ርእሱ እንዳለ ይቀራል። ትልቅና ትንሽ የሌለው የግእዝ ፊደል ከዚህ መከራ ነጻ ነው፤ የአማርኛ ርእስ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን እርሱም ከእነፈረንሳይኛ ጋር ይመታል። የሁለቱ ምሽት ድካም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልሆነም ማለት ነው።

ዝንቁ የመጣው ከወዲያ ማዶ ነበር። ከምዕራፎቿ አንዱ ቀደም ሲል ለአንድ የፈረንሳይኛ መጽሔት ካዘጋጀችው ጽሑፍ የተገለበጠ ነው። በዚያን ጊዜ ጽሑፉን ለአዘጋጆቹ ስትልክ ጥቅሶቹን ከፕሮግራሙ አላቅቃ ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጣቸው ነበር። ከፕሮግራሙ የተላቀቀ ጥቅስ በድን ነው፤ የሰነዱ ቋንቋ መቶ ጊዜ ቢለዋወጥ እርሱ የተላቀቀበትን ቋንቋ ይዞ ይኖራል። ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ሦስቱ መስመሮች እነዚያ ናቸው። መድኀኒቱ ማረም ሳይሆን ሰርዞ እንደ አዲስ መጥቀስ ሆነ። «ፒፒ. ገጽ 60» ደግሞ የራሷ የጥንቃቄ ውጤት ነበር፤ የገጽ ቁጥር ብቻ በሚገባበት መስክ «ገጽ» የሚለውን ቃል ጨምራ ስለጻፈች ፕሮግራሙ የራሱን ቃል ደረበበት። «2ኛ እትም» ተብሎ የተሞላውም የእትም መስክ እንዲሁ ነው። በመስኩ ውስጥ መግባት ያለበት 2 ብቻ ነው፤ ሌላውን ፕሮግራሙ ያውቃል፣ ወይም እንዲያውቅ ይደረጋል።

የአማካሪው ጥያቄ ግን በቃላት ፋይል የሚመለስ አልነበረም። ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት የጻፉት ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ታተመ። በዚያው ዓመት ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እስከ 1270 ድረስ ያለውን የጥንትና የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በአዲስ አበባ አሳተሙ። አንደኛው ካቆመበት ሌላው የሚቀጥል፣ እንደ በሬ ጥማድ ጎን ለጎን የሚሄዱ መጻሕፍት ናቸው። ፕሮግራሙ ግን ለእያንዳንዱ ሰው «የቤተሰብ ስም» እና «የግል ስም» የሚሉ ሁለት መስኮችን ያቀርባል። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ያለው የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው። መስኮቹ በፈረንጅ ልማድ ሲሞሉ «ታምራት፣ ታ.» የሚል ይወጣል፤ መጽሐፍ ያልጻፉት አባት ደራሲ ሆነው ልጃቸው በአንዲት ፊደል ይቀራል። በሥርግው ላይ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። መረጃው ከመረብ በቀጥታ ሲወሰድ ማሽኑ የመጨረሻውን ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚቈርጥ «ሥላሴ፣ ሥ. ሀ.» ተብለው ይገኛሉ። «ሀብለ» ከ«ሥላሴ» ሲለይ ትርጉም እንደማያገኝ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲያይ ፈገግ ሊል ይችላል። ግን ፈገግታው ብዙ አይቈይም፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያለ የሚጠራው ሕዝብ ስንት ነው?

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። በታሪክ ጥናት መስክ የኖረው ወግ ኢትዮጵያዊውን በራሱ ስም መጥራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች በጀርመን የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ተራ ነው። አንዱ ተማሪ «ታደሰ»፣ ሌላው «ታምራት» ብሎ ሲጠቅስ በመቶ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ሊቅ ሁለት ሰው ይሆናል። ጥቅስን የሚቈጥሩ ማሽኖችም የሥራውን ዋጋ ለሁለት ይከፍሉታል። ጀማሪው ተመራማሪ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ «ታምራት» በሚለው ሥር ፈልጎ አጥቶ ይመለሳል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ በየሥልጠናው የማይነገር መሆኑ ያስቈጫል። በስሙ መስክ ጎን ባለች ትንሽ ምልክት ሁለቱን መስኮች አንድ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ስሙ በዚህ ነጠላ መስክ ሲጻፍ ፕሮግራሙ አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም፣ አይቈርጠውም፤ «ታደሰ ታምራት» እንዳለ ይወጣል፣ በ«ተ» ሥርም ይሰለፋል። አንዳንዶች የራስን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የአባትን ስም በግል ስም ቦታ ይሞላሉ፤ ይህ ግን «ታደሰ፣ ታምራት» የሚል ነጠላ ሰረዝ ስለሚያመጣና ሁለት ሰዎች ስለሚያስመስል መምህርቷ አልወደደችውም። አልተሳሳተችም።

ከዚህ በኋላ የቀረው አማርኛን ለፕሮግራሙ ማስተማር ነበር። በእጇ የነበረው የአጠቃቀስ ሥርዓት ቋንቋውን ቈርጦ በእንግሊዝኛ የሚያዝ ስለሆነ፣ ቅጂ ወስዳ አዲስ ስም ሰጠችው፤ የቋንቋውን ትእዛዝ ወደ አማርኛ ለወጠች፤ በሥርዓቱ ራስጌም አገናኝ ቃላቱን አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረች። በግእዝ ፊደል መጻፉ ራሱ ችግር አልነበረም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ከዓለም ፊደላት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ስለተመዘገበ ማሽኑ ያውቀዋል። ችግሩ የሰዋስው ነበር።

«እና» የሚለው በመጀመሪያ አስቈማት። አማርኛ ሁለት ስሞችን ሲያያይዝ «ታደሰና ሥርግው» ይላል፤ ማያያዣው ከመጀመሪያው ስም ጋር ይጣበቃል። ማሽኑ ግን ማጣበቅ አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ «እና» ተብሎ ተነጥሎ ተጻፈ። የንግግር ለዛው ቢቀንስም ያስኬዳል። «ውስጥ» ግን አላስኬደም። በእንግሊዝኛ አንድ መጣጥፍ ከነበረበት መድበል በፊት «ኢን» የምትል ቃል ትገባና ሁሉ ነገር ያልቃል። አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚገልጸው ከፊት «በ» አጣብቆ፣ ከኋላ «ውስጥ» አስከትሎ፣ ስሙን ከሁለቱ መካከል አስገብቶ ነው። «በ» ከመጽሐፉ ርእስ ጋር ከተጣበቀ ርእሱ ተበላሸ፤ «ውስጥ» ከፊት ከቆመ አማርኛው ተበላሸ። ብዙ ከተከራከረች በኋላ ቃሉን ጨርሳ ተወችው፤ የመድበሉ ርእስ በሰያፍ ስለሚጻፍ፣ ከርእሱ በኋላም «አርታኢ» የሚል ስለሚከተል አንባቢ ይረዳል ብላ ፈረደች። ለማሽን ተብሎ አማርኛ በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል ከሚናገር ዝም ቢል ይሻላል።

በአንድ ቦታ ግን አማርኛ አሸነፈ። እንግሊዝኛ ለአንደኛ፣ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለቀሩት ተራ ቍጥሮች አራት የተለያዩ ቅጥያዎች ስላሉት ፋይሉ የየትኛው ቍጥር ቅጥያ የትኛው እንደሆነ በዝርዝር መናገር አለበት። አማርኛ ከአንድ እስከ መጨረሻው «ኛ» ነው። መምህርቷ አንዲት ፊደል ጽፋ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«ኢቢድ» የሚለውም አላስቸገራት። እንግሊዝኛ «ቀደም ሲል ከተጠቀሰው ከዚያው» ለማለት ወደ አሮጌው ላቲን እንደሚመለስ ሁሉ አማርኛም ወደ ግእዝ ተመልሶ «ዝኒ ከማሁ» ይላል። ይህ በግርጌ ማስታወሻ ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። ወጥነት ማለት ሁሉንም አዲስ ማድረግ እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ወራቱ ላይ ሲደረስ ነገሩ እንደገና ከበደ። በፋይሉ ውስጥ ለወራት የተዘጋጁት ቦታዎች 12 ናቸው። ጳጉሜን የሚገባበት የለም። ዘመኑም የጎርጎርዮስ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ «1958 ዓ.ም.» ተብሎ የታተመ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1958 ከታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር እኩል ይሰለፋል፤ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ ማሽኑ አያውቅም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁሉንም ወደ ጎርጎርዮስ እየለወጡ ያስገባሉ። ይህ ግን የወሩ ስም ባልታወቀ መጽሐፍ ላይ ግምት ይሆናል፤ በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ የሌለ ዓመት ደግሞ ዋቢ ሊባል አይገባም። መምህርቷ የታተመውን ዓመት እንዳለ አስገብታ፣ በዝርዝሩ ራስጌ በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታወቀች።

የሆሄያቱን ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሀዲስ ዓለማየሁ በአንዱ መዝገብ «ሀዲስ»፣ በሌላው «ሐዲስ»፣ በሦስተኛው «ሃዲስ» ተብለዋል፤ «ዓለማየሁ»ም በ«አ» የተጻፈበት አለ። ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን አራት። ከዚያም አልፎ «ሀ» ከፊደል ገበታው ራስ፣ «ሐ» ሦስተኛ፣ «ኀ» አሥራ ሦስተኛ ስለሆኑ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በዝርዝሩ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። ሆሄው ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው፤ በዚህ ስፍራ የሚፈታም አይደለም። ለዋቢ ግን ደራሲው በራሱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስሙን የጻፈበትን ሆሄ መከተል ከሁሉ የሚቀድም ሕግ መሆን አለበት።

የቀረው ጥያቄ የአማርኛው አገናኝ ቃል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲጠቀስም ይግባ ወይ የሚል ነው። ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ቢብላቴክ በተሰኘው መሣሪያ እያንዳንዱ መጽሐፍ በራሱ ቋንቋ አገናኝ ቃላት እንዲጻፍ ማዘዝ ይችላሉ፤ የጀርመኑ በጀርመንኛ፣ የፈረንሳዩ በፈረንሳይኛ። የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን ዝርዝሩን የሚያነበው የአማርኛው ጥናት አንባቢ ነው፤ «አርታኢ» ማለትን ለመረዳት አራት ቋንቋ እንዲያውቅ ለምን ይገደዳል? ርእሱ የመጽሐፉ ነው፣ አይነካ። አገናኙ የጠቃሹ ነው፣ በጠቃሹ ቋንቋ ይሁን። መምህርቷም በዚህ መሠረት የላቲን ፊደል ርእሶችን እንዳሉ ትታ በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ በአማርኛ አደረገችው።

አማካሪው የታረመውን ዝርዝር በሁለት ቀን ውስጥ መለሱላት። የቀይ እርሳስ ምልክት ያለው በአንድ ቃል ላይ ብቻ ነበር። «አርታኢ» የሚለውን አጥፍተው «አዘጋጅ» ብለዋል። እርሷ አዘጋጅ ማለት ጽሑፎቹን የሚሰበስብ እንጂ የሚያርም አይደለም ትላለች፤ እርሳቸው ደግሞ መጽሔቶቻችን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ «አዘጋጅ» ሲሉ ኖረዋል ይላሉ። ፋይሉን ከእርሷ የቀዱ ሌሎች መምህራን ከፊሎቹ አንደኛውን፣ ከፊሎቹ ሌላውን ይዘዋል፤ በሚቀጥለው የትምህርት ክፍሉ ስብሰባም ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዟል።